ቁጥሩ እንዳይጠፋ

በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት በማኅበራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ አይቀርም፦ «የትኛው የስልክ ፕላን ይረክሳል?» በቅርብ ከኢትዮጵያ የመጣ ተማሪ ይጠይቃል፤ ከወላጆቹ ፕላን ወጥቶ ራሱን መቻል የፈለገ ይጠይቃል፤ እናቱ ለምርቃቱ የምትመጣለት ይጠይቃል። መልሱም ያው ነው። ሁሉም የሚጠቀምበትን ኩባንያ ስም ይጽፋል፣ ሁለት ሰዎች ይከራከራሉ፣ አንዱ የቅናሽ ኮዱን ይለጥፋል፣ ከዚያ ወሬው ወደ እግር ኳስ ይዞራል።

በ2025 ኦገስት ላይ ይህን ጥያቄ ይዛ የመጣችው አክስቴ ነበረች። የአባቴ ታናሽ እህት ናት። በ2022 በዲቪ ከደብረ ማርቆስ መጥታ ከእኛ ጋር ስትኖር ቆየችና በፒኮ ጎዳና አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይታ ወጣች። ሥራዋ የማታ ነው፤ አንዲት አዛውንት ቤት እያደረች ትንከባከባለች። ስልኳ ግን እስከዚያ ድረስ በአባቴ ስም፣ በቤተሰብ ፕላናችን ውስጥ ነበር። «የቤት ኪራይ የምከፍል ሴትዮ እስከ መቼ በወንድሜ ስልክ ሃሎ እላለሁ?» አለችኝ። «አንቺ የተማርሽው ነሽ፣ ፈልጊልኝ።» በእኛ ቤት ነርሲንግ የሚማር ሰው ስለ ስልክም፣ ስለ ታክስም፣ ስለተበላሸ ፍሪጅም ያውቃል ተብሎ ይታመናል።

ስለዚህ ፈለግኩላት። ይህን የምጽፍላችሁ «ይህን ኩባንያ ያዙ» ለማለት አይደለም፤ ዋጋው በየወሩ ይቀያየራል፣ ዛሬ የምነግራችሁ ለፋሲካ ያረጃል። የማያረጀው ጥያቄው ነው። ከአክስቴ ጋር ሁለት ሳምንት ስንፈልግ የገባኝ፣ «ስንት ጊጋ፣ በስንት ብር?» ከማለት በፊት «እኔን ማግኘት ያለበት ማን ነው? ሲያጣኝስ ምን ይሆናል?» ማለት እንደሚያስፈልግ ነው።

መጀመሪያ ቅድመ ክፍያ ምን እንደሆነ እንነጋገር። ለኢትዮጵያዊ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አገር ቤት ብዙው ሰው ስልኩን የሚጠቀመው ካርድ እየሞላ ነው። ካርዱን ይፍቃል፣ ቁጥሩን በ*805* ያስገባል፣ ቀሪ ሂሳቡን በ*804# ያያል፣ ሲያልቅበት ሚስኮል ያደርጋል። አክስቴ ይህን ሁሉ ዓይኗን ጨፍና ትሠራዋለች። እዚህ ከመጣች በኋላ ግን የሰማችው ሌላ ነው፦ ወር በወር ቢል የሚመጣለት «ደህና ሰው» ነው፣ ቅድመ ክፍያ የሚገዛ ግን ያልተደላደለ ነው። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በድህረ ክፍያ ኩባንያው አንተን አምኖ ቢል ስለሚልክ አስቀድሞ የክሬዲት ታሪክህን ያያል፤ ብዙ ጊዜም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይጠይቃል። በቅድመ ክፍያ ገንዘቡ ቀድሞ እጁ ስለሚገባ ይህን መመርመር አያስፈልገውም። ትናንት የመጣም፣ የውጭ አገር ተማሪም፣ ክሬዲቱ የተበላሸበትም ይገዛል። የሚያስር ውል የለውም፤ መክፈል ስታቆም ይቆማል። ጥቅሙ ይህ ነው። ጉዳቱም ይኸው ነው፤ መክፈል ስታቆም ይቆማል።

አባቴ ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ዝም ብሎ አያልፍም። ፌርፋክስ ላይ ከኦሎምፒክ ወደ ፒኮ ያለው ሰፈር በ2002 በከተማው ምክር ቤት «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ ሲሰየም እኔ አልተወለድኩም፤ እሱ ግን ነበር። በዚያን ጊዜ ወደ አገር ቤት መደወል ማለት በርበሬና ሽሮ ከሚሸጥበት ሱቅ ባለ 5 ዶላር የጥሪ ካርድ መግዛት ነበር ይላል። ካርዱን ትፍቃለህ፣ በነፃው ቁጥር ትደውላለህ፣ ሚስጥር ቁጥሩን ታስገባለህ፣ ከዚያ 011፣ ከዚያ 251። አንዲት ሴትዮ በተቀዳ ድምፅ «ይህን ያህል ደቂቃ አለዎት» ትልሃለች። ያልከው ሳያልቅ ግን መስመሩ ጭጭ ይላል። የማገናኛ ክፍያ፣ የአገልግሎት ክፍያ እየተባለ ደቂቃው ተበልቷል። ይህ የአባቴ ብቻ ምሬት አልነበረም፤ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2008 አንዳንድ የጥሪ ካርድ አከፋፋዮችን ያስተዋወቁትን ደቂቃ አይሰጡም ብሎ ፍርድ ቤት አቁሟቸዋል። የአባቴ ምክር ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው፦ «በትልቁ የተጻፈውን እነሱ ይፈልጉታል፤ በትንሹ የተጻፈውን አንቺ ትፈልጊዋለሽ።»

እንግዲህ በትንሹ የተጻፈውን ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት የመጀመሪያው ነገር ስሙ ብዙ፣ ማማው ጥቂት መሆኑን ነው። በመላው አገሪቱ ሰፊ ኔትወርክ ያላቸው ሦስት ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው፦ ኤቲ ኤንድ ቲ፣ ቲ-ሞባይልና ቬራይዘን። አራተኛው ስፕሪንት በ2020 ከቲ-ሞባይል ጋር ተዋህዷል። በየማስታወቂያው የምናያቸው ርካሽ ስሞች ወይ የእነዚሁ ልጆች ናቸው፣ ወይ ከእነሱ ኔትወርክ ይከራያሉ። ክሪኬት የኤቲ ኤንድ ቲ ነው፤ ሜትሮና ሚንት የቲ-ሞባይል ናቸው፤ ቪዝብልና ትራክፎን የቬራይዘን ናቸው። ስለዚህ ከርካሹ ወደ ሌላው ርካሽ ስትዘዋወሩ ማማው ላይቀየር ይችላል። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ሰው ሲበዛ ነው፤ ኔትወርኩ ሲጨናነቅ ርካሽ ፕላን የያዘው ዳታ ወደ ኋላ ይቀራል። «ያልተገደበ» የሚለው ቃልም ከጎኑ ኮከብ ካለበት ወደ ታች ወርዳችሁ አንብቡ። ከተወሰነ ጊጋ በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል ማለት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የስልኩ ጉዳይ ነው። አክስቴ ስትመጣ ከአገር ቤት ይዛው የመጣችው ስልክ እዚህ ፎቶ ማያ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ሦስቱም ትልልቅ ኩባንያዎች በ2022 የ3ጂ ኔትወርካቸውን ስለዘጉ፣ በ4ጂ ድምፅ ማስተላለፍ የማይችል ስልክ ወይም በኩባንያው ዘንድ ያልታወቀ ሞዴል ሲም ቢገባበትም ላይደውል ይችላል። ዘመድ ሊመጣላችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ የስልኩን ሞዴል በኩባንያው ድረ ገጽ አጣሩ። በወር ክፍያ የተገዛ ስልክም ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ ለሌላ ኩባንያ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። የአክስቴ ዕዳው ያለቀ ስለነበር መክፈቱን አስጠየቅን።

ከዚያ ቁጭ ብለን በወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጻፍን። ማን ሊያገኝሽ ይገባል? አልኳት። «እማዬ፣ ሥራዬ፣ ሐኪሜ» አለች። በዚህ ቅደም ተከተል።

አያቴ ደብረ ማርቆስ ናቸው። የያዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ቴሌግራም የለ፣ ዋትሳፕ የለ። የጎረቤት ልጅ ካርድ ይሞላላቸዋል፤ 2 ቁጥርን ተጭነው ሲይዙ በቀጥታ አክስቴ ጋ እንዲደውልም አድርጎላቸዋል። አያቴ አንዴ ያስጠሩና ይዘጋሉ፤ አክስቴ መልሳ ትደውላለች። በእናትና በልጅ መካከል ያለው መስመር ይኸው ነው። ቁጥሩ ከተቀየረ 2 ቁጥር የትም አያደርስም።

«ዛሬ ሁሉም በኢንተርኔት ነፃ ነው፣ ለጥሪ ለምን ይከፈላል?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም ከጓደኞቼ ጋር የማወራው እንደዚያው ነው። ግን በኦገስት 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በትግራይ ደግሞ ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ስልኩም ጭምር ተቋርጦ ስንት ቤተሰብ ከሁለት ዓመት ያላነሰ ጊዜ ድምፅ ሳይሰማ እንደቆየ ከእኛው መካከል የሚናገር ሰው አለ። በእኛ ቤት በ2023 አባቴ ለአጎቴ የጻፈው መልእክት በአንድ ምልክት ቆሞ ቀረ። ወሬ የምናገኘው መደበኛው የስልክ መስመር በሚሠራባቸው ቀናት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቤታችን «ነፃ» እና «የማይቋረጥ» የተለያዩ ቃላት ናቸው። ወደ አገር ቤት የሚያስገባ አንድ የድምፅ መስመር ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ መቀመጥ አለበት።

እዚህ ላይ ነው ትንሹ ጽሕፈት የሚያስፈልገው። ብዙ ፕላኖች «ወደ ብዙ አገሮች ያልተገደበ ጥሪ» ይላሉ። ዝርዝሩን ክፈቱና ኢትዮጵያን ፈልጉ። እኔ ባየኋቸው አብዛኞቹ ላይ ሜክሲኮ አለች፣ ካናዳ አለች፣ ሕንድና ቻይናም አሉ፤ ኢትዮጵያ የለችም፣ ወይም በጥቂት ደቂቃ ተወስናለች። ምክንያቱ ንቀት አይደለም። ጥሪ ድንበር ሲሻገር የሚቀበለው አገር ኔትወርክ በደቂቃ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። ያ ዋጋ ዝቅተኛ በሆነበት አገር ኩባንያው «ያልተገደበ» ብሎ ይሰጣል፤ ከፍ ባለበት አገር ግን ይከስራል። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለ። ወይ የኢትዮጵያ ደቂቃ ያለው ፕላን መግዛት፣ ወይ ርካሽ ፕላን ይዞ ለውጭ ጥሪ ብቻ የሚሆን ሂሳብ በሌላ አገልግሎት መሙላት። ሁለተኛውን ስትመርጡ አገልግሎቱ በቀጥታ ወደ ስልክ ቁጥር የሚደውል መሆኑን አረጋግጡ፤ ሁለቱም ወገን ኢንተርኔት እንዲኖረው የሚፈልግ ከሆነ ለአያቴ አይረባም። በ09 ለሚጀምረው የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥርና በ07 ለሚጀምረው የሳፋሪኮም ቁጥር ዋጋው አንድ መሆኑንም እዩ። ሒሳቡም ቀላል ነው፦ ለምሳሌ ደቂቃው 20 ሳንቲም ቢሆንና በሳምንት 30 ደቂቃ ብትደውሉ፣ በሳምንት 6 ዶላር፣ በአራት ሳምንት 24 ዶላር ነው። ከፕላኑ ዋጋ ጋር ደምሩትና ከዚያ «ረከሰ» ወይም «ተወደደ» በሉ።

ሁለተኛው ሥራዋ ነው። የምትንከባከባቸው አዛውንት ቤት ከሆሊውድ በላይ ኮረብታ ላይ ነው። ሰፈሩ ያምራል፤ ኔትወርኩ ግን ከመኝታ ቤት ወደ ኩሽና ሲሄዱ ይጠፋል። ሌሊት አንድ ነገር ቢፈጠር አክስቴ 911 መደወል አለባት። ፕላን የሌለው ስልክ እንኳ 911 ይደውላል፤ ኩባንያዎች ይህን ጥሪ እንዲያሳልፉ ሕጉ ያስገድዳቸዋል። ጥሪው ቢቋረጥ ግን ያ ስልክ የሚሠራ ቁጥር ስለሌለው መልሰው ሊደውሉለት አይችሉም። ኔትወርክ በሌለበት ቤት ደግሞ የሚያስፈልገው ዋይፋይ ኮሊንግ ነው፤ መደበኛው ጥሪ በቤቱ ዋይፋይ በኩል ይወጣል። ሁሉም ርካሽ ፕላንና ሁሉም ስልክ ይህን አይችልም፤ ጠይቁ። ስትከፍቱት የአደጋ ጊዜ አድራሻ አስገቡ ይላችኋል። ይህን ሳያነቡ ማለፍ አይገባም። በዋይፋይ 911 ስትደውሉ ስልኩ ያላችሁበትን ቦታ ካላሳወቀ፣ የሚታያቸው ያስገባችሁት አድራሻ ነው። አምቡላንሱ ፒኮ ሄዶ በሽተኛዋ ኮረብታው ላይ እንዳትቀር አክስቴ የሥራዋን አድራሻ አስገባች። በየቤቱ እየሄዱ አረጋውያንን ለሚንከባከቡ እናቶቻችንና አክስቶቻችን ሁሉ ይህ አምስት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው። አስገቡላቸው።

ሦስተኛው ሐኪሟ ነው። እዚህ ላይ እንደ ነርሲንግ ተማሪ ልናገር። ለክሊኒካል ልምምድ ሆስፒታል ስንገባ በሽተኛ ከመውጣቱ በፊት ስልክ ቁጥሩ አሁንም ያው መሆኑን ማረጋገጥ ተምረናል። የቀረው ምርመራ ውጤት በዚያ ቁጥር ይነገራል፤ የቀጠሮ ለውጥ በዚያ ይነገራል፤ «መድኃኒቱን ጀመርክ ወይ?» የሚለው ጥሪ በዚያ ይመጣል። ቁጥሩ ከሞተ መዝገቡ ላይ «ማግኘት አልተቻለም» ተብሎ ይጻፋል። ሰውየው ግን አልጠፋም፤ ቤቱ ተቀምጦ «ካልደወሉ ደህና ነኝ ማለት ነው» እያለ ነው። የባንኩ መግቢያ ኮድ፣ የሜዲካል ወረቀት፣ የኢሚግሬሽን ቀጠሮ፣ የቴሌግራም አካውንቱ፣ ሁሉም የተቋጠረው በዚያው ቁጥር ላይ ነው።

ደግነቱ ቁጥር ይዞ መሄድ መብት ነው። በአሜሪካ ከ2003 ኖቬምበር ጀምሮ ኩባንያ ስትቀይሩ የሞባይል ቁጥራችሁን ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ። አካሄዱ ግን ቅደም ተከተል አለው። የድሮውን መስመር ቀድማችሁ አትዝጉ፤ የተዘጋ ቁጥር አይዛወርም። መጀመሪያ ከድሮው ኩባንያ የአካውንት ቁጥርና የማዛወሪያ ሚስጥር ቁጥር ጠይቁ። መስመሩ በሌላ ሰው ስም ከሆነ የሚጠይቀው ባለ ስሙ ነው፤ በእኛ ቤት አባቴ ነበር። ያንን ለአዲሱ ኩባንያ ስጡ፤ ዝውውሩ ሲያልቅ የድሮው መስመር በራሱ ይዘጋል። ዕዳ ቀርቶ እንደሆነ ቢሉ ይመጣል፤ ቁጥሩን ግን በዕዳ ምክንያት አስረው ሊያስቀሩት አይችሉም።

ስለ ዋጋም ልጨምር። የኢንተርኔትና የስልክ ክፍያ በወር እስከ 30 ዶላር ይቀንስ የነበረው የፌዴራል ፕሮግራም በጁን 2024 አብቅቷል፤ ዛሬም አለ ብሎ የሚያስመዘግባችሁ ሰው ካለ ሽሹት። ካሊፎርኒያ ላይፍላይን ግን አለ። ሜዲካል ወይም ካልፍሬሽ ያላቸው፣ ወይም ገቢያቸው ከተወሰነው መጠን በታች የሆኑ ሰዎች የስልክ ቅናሽ ያገኛሉ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ነው፣ በየዓመቱም ይታደሳል። የእድሳቱ ደብዳቤ ሲመጣ እንደ ማስታወቂያ ቆጥረው የሚጥሉ ወላጆች አሉና እዩላቸው።

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ እኔና አክስቴ አልተስማማንም። እኔ የመረጥኩላት የዓመቱን በአንድ ጊዜ የሚያስከፍለውን ነበር፦ በወር 15 ዶላር፣ ለ12 ወር 180 ዶላር። ቤቷም ሥራዋም ዋይፋይ ስላለ፣ የስልኳ ማስተካከያ ውስጥ ያየሁት የዳታ ፍጆታ በወር 4 ጊጋ አይሞላም ነበር። እሷ ያየችው በወር 25 ዶላር የሚከፈለውን፣ ሱቁ በአውቶቡስ መስመሯ ላይ ያለውን ነው። በሒሳብ እኔ እበልጣለሁ፤ በዓመት 120 ዶላር ይተርፋል።

«180 ዶላር ባንድ ጊዜ ከኪሴ የሚወጣው ለእማዬ ስልክ ነው» አለችኝ። «ደግሞ ቢበላሽብኝ ከማን ጋር ነው የማወራው? ከኮምፒውተር ጋር?»

«እኔ አለሁልሽ» አልኳት።

«አንቺማ አለሽ። ሐሙስ ሐሙስ ክሊኒካል ነሽ፣ አርብ ፈተና ነሽ። ቆይ፣ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ብታመምና ሁለት ወር ባልከፍል ቁጥሬ ስንት ቀን ይጠብቀኛል?»

ይህን ጥያቄ አንዱም ድረ ገጽ በፊት ገጹ ላይ አይመልሰውም። ጊጋው በትልቁ ተጽፏል፤ ይህ ግን ሰነዱ ውስጥ ተቀብሯል። ኩባንያ ለኩባንያ ይለያያል። አንዱ ከቀኑ እንዳለፈ መስመሩን አግዶ ቁጥሩን ለተወሰኑ ሳምንታት ያቆይላችኋል፤ ሌላው በአጭር ጊዜ ይሰርዘዋል። በፌዴራል ደንብ መሠረት የተሰረዘ ቁጥር ቢያንስ 45 ቀን ሳይሞላው ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ ይህ ማለት ግን ለእናንተ ይመለስላችኋል ማለት አይደለም። ቅድመ ክፍያ ስትገዙ ከምትጠይቁት ሁሉ ይህን አስቀድሙ። ካርድ እየሞላች ያደገች ሴት ጠየቀችው፤ ቢሉ በአባቱ ስም የሚከፈልለት ሰው አያስበውም።

የአክስቴ ምርጫ ጸና። ወር በወር ያለውን ያዘች፤ የኮረብታው ቤት ድረስ የጓደኛዋን ስልክ ወስዳ ኔትወርኩን ሞከረች፣ ዋይፋይ ኮሊንጉንም አረጋገጠች። ለኢትዮጵያ ጥሪ ለብቻው 10 ዶላር ሞላች፤ ከ5 ዶላር በታች እንዳይወርድ በራሱ እንዲሞላ አደረግንላት። ክፍያው ከባንክ በራሱ ይወጣል፤ ባንኩ ውስጥ ገንዘብ ከሌለ ደግሞ አባቴ እንዲያውቅ በማንቂያው ላይ የእሱን ኢሜይል ጨመርን። እኔ አሁንም ለተማሪ የዓመቱ ፕላን ይሻላል እላለሁ። ለእሷ ግን የእሷ ይሻላል።

በኖቬምበር አንድ ሌሊት፣ እዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ እዚያ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ያ ቁጥር አንዴ ጠርቶ ዘጋ። 2 ቁጥርን የተጫኑት አያቴ አልነበሩም፤ የጎረቤቱ ልጅ ነበር። አያቴ ደማቸው ከፍ ብሎ ወድቀው ሆስፒታል ወስደዋቸዋል። አክስቴ ከኮረብታው ቤት ኩሽና፣ ኔትወርክ ከማይደርስበት ቦታ፣ በዋይፋይ መልሳ ደወለች። እኔንም ቀስቅሳ በመስመሩ ላይ ጨመረችኝ። ልጁ ከመድኃኒቱ ካርቶን ላይ ፊደል በፊደል አነበበልኝ፤ አምሎዲፒን ነበር። መቼ መውሰድ እንዳቆሙ ጠየቅኩት። «ካለቀ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፣ ለልጆቹ አትንገር ብለውኝ ነው» አለ። ይህን ለሐኪሙ እንዲነግር ነገርኩት፤ ተማሪ ነኝ፣ ከዚያ በላይ የምለው አልነበረም። ሐኪሙ ግን ያን ማወቅ ያስፈልገው ነበር። ጥሪው 40 ደቂቃ ቆየ። በ20 ሳንቲም 8 ዶላር መሆኑ ነው።

አያቴ ዛሬ ደህና ናቸው፤ መድኃኒቱን የሚገዛው አሁን ልጁ ነው፣ ገንዘቡን አክስቴ ትልካለች። ከሆስፒታል ሲወጡ «ማነው ለዚያ ልጅ ያሳበቀው?» ብለው ተቆጥተዋል አሉ።

እንግዲህ በግሩፑ ላይ «የትኛው ይረክሳል?» ስትሉ ስም አልሰጣችሁም። ይህን አድርጉ፦ በሚቀጥለው እሑድ ምሳ ላይ የእናታችሁን ወይም የአክስታችሁን ስልክ ተቀበሉ። ማን ሊያገኛት እንደሚገባ በወረቀት ጻፉ። መስመሩ በማን ስም እንደሆነ፣ ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ እንዳለች፣ የአደጋ ጊዜ አድራሻው ትክክል እንደሆነ እዩ። ከዚያ ባትከፍል ቁጥሯ ስንት ቀን እንደሚቆይላት ጠይቁ። ጊጋውን በመጨረሻ ቁጠሩት። ያገኛችሁትንም ግሩፑ ላይ ጻፉልን፤ በተለይ የመጨረሻውን ጥያቄ መልስ፣ ከነኩባንያው ስም። ለሁላችንም ይጠቅማል።